የጠፋው ሲሶ

እትዬ መዝገብ በሃያ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኗ ሰባተኛ ፎቅ የተጠራችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተጠራች ዕለት፣ «መዝገብ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር ስለሚገባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሕንፃው የኃይል ቁጠባ ክትትል ተጠሪ ሆነዋል» ተባለች። ምኑን ነው የምከታተለው ብላ ብትጠይቅ፣ «ቁጠባውን» አሏት። እሺ ብላ ወረደች። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ረስቶ በሥራዋ ነበር የሚጠራት፤ ሹመቷ ሲቀየርም መጠሪያዋን የቀየረላት ሰው አልተገኘም። ጠረጴዛዋም እዚያው ምድር ቤት፣ ከመደርደሪያዎቿ መሐል ቀረ። ሦስት ወር ሙሉ የሠራችው ሥራ ቢኖር፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ የኮሪደሩ መብራት መጥፋቱን ዞር ብላ ማየት ነበር።

ሁለተኛ የተጠራች ዕለት ነው ጉዱ የመጣው።

ዋና ዳይሬክተሩ በዕድሜ የታናሽ ወንድሟ እኩያ ቢሆን ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲጨንቀው ግን የእስክሪብቶ ክዳን ያኝካል። ያን ቀን ስትገባ ክዳኑ ቅርፁን አጥቶ ነበር።

«ይቀመጡ እትዬ። እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ደብዳቤው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በዚህ ሕንፃ የተካሄደው የኃይል ቁጠባ ሥራ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን በሲሶ እንደቀነሰ ያስታውሳል። ይኸው ሥራ በሌሎች ሰባት የመንግሥት ሕንፃዎች ሊደገም ስለታሰበ፣ ቁጠባው እስከ ዛሬ መዝለቁን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በአሥር ቀን ውስጥ ይላክልን ይላል።

እትዬ መዝገብ ሥራውን ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች። መስኮቱ ሁሉ ድርብ መስታወት ሆነ። መብራቱ ሰው ሲገባ የሚበራ፣ ሰው ሲወጣ የሚጠፋ ሆነ። ጣሪያው ላይ ሙቀቱን ራሱ እየለካ፣ ሲበርድ የሚያሞቅ ሲሞቅ የሚያቀዘቅዝ አዲስ መሣሪያ ተተከለ። ዓመት ሲሞላው መግቢያው ላይ «ሲሶ ቆጠብን» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ተጨበጨበ፣ አማካሪዎቹም ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለችው።

ዳይሬክተሩ የአራቱን ዓመት ቁጥር የያዘ ሠንጠረዥ ገፋ አደረገላት። የመጀመሪያው ዓመት እውነትም በሲሶ ወርዷል። ሁለተኛው ዓመት ትንሽ ከፍ ብሏል። ሦስተኛው ብሶበታል። አራተኛው፣ ያ ሁሉ መስታወትና ያ ሁሉ መሣሪያ ሳይገባ በፊት ከነበረው ጋር እኩል ነው፤ እንዲያውም በትንሹ ይበልጣል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ከታች ወደ ላይ አነበበችው።

«ተገልብጦ ይሆን እንዴ?»

«አልተገለበጠም። እኔም እንደርስዎ አገላብጬ አይቼዋለሁ» አለ ዳይሬክተሩ። «መሣሪያው ይሠራል። መብራቱ ይሠራል። መስኮቱም አልተሰበረም። ታዲያ ሲሶው የት ገባ? ውኃ በላው?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ተጠሪዋ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ደረጃውን ስትወርድ እግሯን የት እንደምትጥል እንኳ አታይም ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ የምታውቀው ነገር ቢኖር አምፖል መቀየር ነው፤ እሱንም ባሏ ወንበሩን ካልያዘላት አትሞክረውም። ወረቀት ላይ ግን የሚያህላት የለም። አንድ ፋይል ሲጠፋ እሪ አትልም፤ መጨረሻ ከታየበት ቦታ ተነስታ መደርደሪያ በመደርደሪያ ትፈልጋለች። ሌላ ዘዴ ስለማታውቅ ይህንኑ ያዘች። ባለ መስመር ደብተር አወጣችና ከአንደኛ ፎቅ ጀመረች።

አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። የመጸዳጃ ቤቱን መብራት ማጥፊያ አንድ ሰው እንደበራ እንዲቀር በፕላስተር አጣብቆታል፤ መብራቱ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም ማለት ነው። ለምን ተጣበቀ ብትል፣ የጽዳቷ ሴት ሳቀችባት። «ውስጥ ተቀምጠሽ ሳለ ድርግም ሲልብሽ ታውቂዋለሽ» አለቻት። የሕግ ክፍሉ ባለሙያ ደግሞ ረጅም ሰነድ ሲያነብ ስለማይንቀሳቀስ መብራቱ ሰው የለም ብሎ ይጠፋበታል። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ያወናጭፋል። እትዬ መዝገብ በሩ ላይ ቆማ ሲያወናጭፍ ስታየው፣ የሚጠራት መስሏት ገባች።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ነው ግራ የተጋባችው። በቀኝ በኩል ያሉት ቢሮዎች መስኮታቸውን ብርግድ አድርገው ከፍተዋል፤ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፣ አንዷ ሴትዮ ራሷን በፋይል ሽፋን ታራግባለች። ኮሪደሩን ተሻግራ የግራውን በር ስትከፍት ደግሞ ሰዉ ሹራብ ደርቧል፤ ጸሐፊዋ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጥላለች፣ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽዬ ማሞቂያ ቀልታ ትታያለች። እትዬ መዝገብ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። እንደገና የቀኙን ከፈተች። እንደገና የግራውን።

«ምን ጠፋብሽ እትዬ?» አለቻት ጸሐፊዋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዛሬ ይበርዳል ወይስ ይሞቃል?»

«ውጭ ነው እዚህ?»

አምስተኛውም ስድስተኛውም እንደዚሁ ነው። ቀኙ ይግላል፣ ግራው ይንዘፈዘፋል። ማሞቂያዎቹን ቆጠረች፤ ሃያ ሰባት። የጥገና ክፍሉ አዲሱ ኤሌክትሪሺያን ስለ አዲሱ መሣሪያ ስትጠይቀው፣ «ራሱን በራሱ ነው የሚያስተዳድረው፣ እኔ አልነካውም፤ ንካ ያለኝም የለም» አላት። ሃያ ሰባቱ ማሞቂያዎች ስንት ይበላሉ ብትለው ግን ወረቀት አውጥቶ አሰላላት። ከጠፋው ሲሶ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞሉም። ፕላስተሩንና መብራቱን ቢጨምሩበት ሁሉም ተደምሮ ያው ነው፤ ብዙ ጥፋት አገኘች፣ የጠፋውን የሚያህል ግን አጣች።

አምስት ቀን እንዲሁ አለፈ። እቤት እራት ቀርቦላት ማንኪያውን ይዛ ትፈዛለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከአፉ ቀልድ፣ ከአንገቱ ሜትር አይጠፋም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወጡ ውስጥ ነው እንዴ ሲሶው የገባው?» አላት።

«ተወኝ። መላ ቅጡ ነው የጠፋኝ። ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ግን አይሠራም። ሰዉ እየበረደው ያልበዋል። እኔ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ለካሽው?»

«ምኑን?»

«ሕንፃውን ነዋ! እኔ ደንበኛ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ ከነካፖርቱ አልለካውም። አውልቅ እለዋለሁ። ከዚያ ባዶ ወገቡን ስለካ፣ ሱሪው ጠቦ እንደሆነ እሱ ወፍሮ እንደሆነ ይታወቃል። አንቺ ሕንፃውን ከነልብሱ ነው የምትዞሪው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። በትዳር ዘመናቸው ባሏ በመሥሪያ ቤቷ ጉዳይ ቁም ነገር ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «እሁድ ሥራ አለህ?» ብላ ጠየቀችው።

እሁድ ጠዋት ሁለቱ ሕንፃው በር ላይ ተገኙ። ዳይሬክተሩ በስልክ ፈቅዷል፤ ተረኛዋ ጥበቃም ቁልፎቹን ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ኤሌክትሪሺያኑ ኮምፒውተሮቹ እንዳይጎዱ አስቀድሞ አጠፋፍቶ፣ የትኛውን ማብሪያ ማጥፊያ መንካት እንዳለባት በቀይ ምልክት አድርጎላት ነበር። ባሏ ታች ዋናው ቆጣሪ አጠገብ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እሷ ከሰባተኛው ፎቅ እየጀመረች የየፎቁን ኃይል ታጠፋለች፤ ካጠፋች በኋላ ትደውልለታለች፤ እሱም ቆጣሪው ያሳየውን ያነብላታል።

«ሰባተኛው ጠፋ። ስንት ይላል?»

«ትንሽ ወርዷል።»

«ስድስተኛውስ?»

«ትንሽ።»

አራተኛው ላይ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። አንደኛው ላይ ስትደርስ ሕንፃው ጭልምልም ብሎ፣ ከደረጃው መስኮት ከሚገባው ብርሃን በቀር ምንም አልነበረም። በሕይወቷ ያን ያህል ጸጥ ያለ ቢሮ አይታ አታውቅም።

«አሁን ሁሉም ጠፍቷል» አለችው። «ቆመ?»

ባሏ ከሳጥኑ ሲነሳ በስልኩ ተሰማት።

«ቆመ ወይ? ምነው ዘጋኸኝ?»

«ኧረ አልቆመም። ተረጋግተሽ ስሚኝ፤ ከጠዋቱ ግማሹ እንኳ አልወረደም። እየጋለበ ነው።»

ወርዳ በዓይኗ አየች። እውነቱን ነው። ሰባት ፎቅ ተኝቶ፣ ቆጣሪው እንደ ሥራ ቀን ይሮጣል። ሦስቱም ቆጣሪውን ከበው ቆሙ። የጥበቃዋ ሴት አማተበች።

«እኔ እንግዲህ አላውቅም» አለች ጥበቃዋ፣ «ግን ያ ምድር ቤት ያለው መቼም ዝም ብሎ አያውቅም። በዓልም እሁድም አይል፣ ያጓራል።»

«እሱ የውኃ ፓምፑ ነው» አለች እትዬ መዝገብ። ድምፁን ታውቀዋለች። ከመዝገብ ቤቱ ግድግዳ በስተጀርባ ለሁለት ዓመት ሰምታዋለች፤ ከመልመዷ ብዛት ትታዋለች። ይህን እየተናገረች ሳለ ግን የውኃ ፓምፑ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንዳለ ትዝ አላት። ሲጠግኑት ስንት ጊዜ አይታለች። ታዲያ ከግድግዳዋ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

በሩን ሲከፍቱት የሞቀ አየር ፊታቸውን መታቸው። አማካሪዎቹ «ከአገልግሎት ውጪ ሆኗል» ብለው የጻፉበት አሮጌው ማሞቂያ፣ ያ የዝሆን ግልገል የሚያህል ብረት፣ እየተንቀጠቀጠ ይሠራል። ከሱ የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ ግድግዳውን ቀዶ በሕንፃው ቀኝ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ባሏ ቧንቧውን ነካ አድርጎ እጁን በፍጥነት አነሳ። ጎኑ ደግሞ ከጣሪያው መሣሪያ የሚመጣው አዲሱ ቧንቧ አለ፤ እሱ ቀዝቅዞ፣ ውጪው በላብ ተጠምቆ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይሄ ያሞቃል» አለ ባሏ አንዱን እያሳየ። «ይሄኛው ያቀዘቅዛል። እ?»

እትዬ መዝገብ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። አሮጌው በቀኝ በኩል ያግላል፤ አዲሱ መሣሪያ ሙቀቱን ሲለካ ሕንፃው ጋለ ብሎ ይነሳና ያቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ አሮጌው ቧንቧ የማይደርስበትን የግራውን ሰው ያንቀጠቅጣል፤ እሱም ከጠረጴዛው ሥር ማሞቂያ ይሰካል። ሁለት ጉልበተኞች ገመድ እንደሚጓተቱ፣ ሁለቱም ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ይሠራሉ፤ ሕንፃው የትም አይሄድም።

ግድግዳው ላይ ካለው ሳጥን አንዲት እጀታ ከ«አውቶማቲክ» ወደ «በእጅ» ዞራለች። ከእጀታዋ በታች በፕላስተር የተለጠፈ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ «እንዳይነካ»። ፊርማውን ወዲያው ለየችው። ጡረታ የወጣው የጥገናው ኃላፊ፣ ጋሼ ቧንቧ ነው።

«አዙሪያትና እንሂድ፣ አለቀ» አላት ባሏ።

«አይሆንም። እንዳይነካ ያለበት ምክንያት ይኖረዋል» አለች። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ለምን እንደተጻፈ ሳታውቅ የቀደደችው ወረቀት የለም።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቧንቧን ልጁ ቤት ሄዳ አገኘችው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የተበላሸ የልብስ ካውያ ፈታትቶ ብሎኖቹን በሣህን ደርድሯል። ሲያያት ደስ ብሎት ወንበር አስመጣ።

«ምድር ቤት ያለውን አሮጌ ማሞቂያ ማነው የቀሰቀሰው፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኛ!» አለ ሳያመነታ። «ወረቀትም ለጥፌበታለሁ። ዛሬም አለ? ይገርማል።»

«ለምን ቀሰቀሱት?»

«ታዝዤ ነዋ ልጄ። ያ አዲሱ መሣሪያ ብልህ ነው፤ ሰው ሲወጣ ማሞቁን ያቆማል። ታዲያ ምድር ቤቱ እየቀዘቀዘ እርጥበት ገባው። ወረቀት ሊበሰብስ ነው ተብሎ አቤቱታ መጣ። በዚያ ክረምት ብቻ አሮጌውን ላሙቅላቸውና ክረምቱ ሲወጣ እመልሰዋለሁ አልኩ። ክረምቱ ሳይወጣ እኔ ወጣሁ።»

«ሲወጡ ለሚተካዎት አልነገሩም?»

ጋሼ ቧንቧ በመፍቻው ጆሮውን አከከ። «ለማን ልንገር? ቁልፎቼን ቆጥረው ተረከቡኝ። መሰላሉን ቆጠሩ፣ መፍቻውን ቆጠሩ፣ ባልዲ እንኳ ቆጥረዋል። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን የሚቆጥር ሰው አልመጣም። እኔም ሁለት ዓመት ይሰነብታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«አቤቱታው ከየት ክፍል ነበር የመጣው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ካፏ ሲወጣ ግን መልሱን ጠረጠረች።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ብሎኖቹ መለሰ። «እኔ እንጃ እንግዲህ፣ ልጄ። ደብዳቤው ካንቺው ዘንድ ይኖር የለ?»

ነበረ። ፋይሉን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። «ጉዳዩ፦ የመዝገብ ቤቱን ቅዝቃዜና እርጥበት ይመለከታል» ይላል። ሰነዶች እየሻገቱ ስለሆነ ማንኛውም አማራጭ ተወስዶ መፍትሔ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «አስቸኳይ» የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ከግርጌው የራሷ ፊርማ፣ ያ ጅራቱ የሚጠመዘዝ ፊርማ፣ ይስቅባታል።

መደርደሪያውን ተደግፋ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቅ ባለ ክፍል ስትሠራ ሙቀቱ ከየት መጣ ብላ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። አቤት ብላለች፣ ተሰምቶላታል፣ በቃ። ታዲያ ጥፋተኛዋ እሷ ናት? ወረቀቱ እኮ እውነትም ይሻግት ነበር። ጋሼ ቧንቧ ነው? የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ ምን አጠፋ? መሣሪያው? እሱ የለካውን አቀዘቀዘ። አንድም ክፉ ሰው ሳይኖርበት ሲሶው እልም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ፋይል ሲደረግ በየትኛው ርዕስ እንደሚገባ ቸገራት።

ይህ እንዳይበቃት ሌላ ወረቀት ተከትሎ መጣ። የመጀመሪያውን ዓመት ፋይል ወደ ቦታው ስትመልስ፣ አንድ የዕድሳት ቃለ ጉባኤ ሾልኮ ወደቀ። አነበበችው። በዚያ ሲሶ ተቆጠበ በተባለበት ዓመት፣ አራተኛውና አምስተኛው ፎቅ ለዕድሳት ተለቀው ስምንት ወር ባዶ ነበሩ። ሰዉ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ ነበር።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ባዶ ፎቅ ምን ይበላል? ምንም። እንግዲያው ከዚያ ሲሶ ውስጥ ሰፊ ቁራሽ ቁጠባ አልነበረም፤ የሰው አለመኖር ነው። ሁለተኛው ዓመት ከፍ ያለው ሰዎቹ ስለተመለሱ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የናረው በአሮጌው ማሞቂያ ነው። ሳምንት ሙሉ ስትፈልገው የከረመችው ነገር፣ ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ ከመጀመሪያውም አልነበረም። የትኛውን ግማሽ ታስረክብ?

በዘጠነኛው ቀን ሰባተኛ ፎቅ ወጣች። ዳይሬክተሩ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጣት አዳመጠ። ስትጨርስ ሌላ አዲስ ክዳን አፉ ውስጥ ነበር።

«እስቲ እንደገና» አለ። «ቆጥበናል ወይስ አልቆጠብንም?»

«ቆጥበን ነበር። ያልነውን ያህል ግን አልነበረም። የቆጠብነውንም መልሰን በላነው።»

«እትዬ፣ ከኔ የሚፈለገው አዎ ወይም አይደለም ነው።»

«እኔም ብገላገል ደስ ባለኝ። ይዤ የመጣሁት ግን ሁለቱንም ነው።»

ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ከታች መግቢያው ይታያል። «ሰሌዳውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ንግግርም አድርጌበታለሁ። የዕድሳቱን ቃለ ጉባኤ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። ያምኑኛል?»

«አምንዎታለሁ። የኔም ከርስዎ አይሻልም» ብላ ደብዳቤዋን ፊቱ አስቀመጠች።

ፊርማውን አይቶ ደነገጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቺ ባትላክስ? ስለርስዎ ብዬ ነው። ማሞቂያው በስህተት ተነሳ ብለን ብንጽፍ ይበቃል። ማንም ለምን አይልም» አላት።

እውነት ለመናገር አሳቡ ደስ አሰኝቷት ነበር። መንገድ ላይ ስትመጣ እሷም አስባዋለች። ግን ሰባቱ ሕንፃዎች መጡባት። እያንዳንዳቸው ምድር ቤት ይኖራቸዋል፤ ምድር ቤታቸው መዝገብ ይኖረዋል፤ መዝገቡ ሲሻግት አቤት የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም።

«በስህተት ከተባለ እኮ» አለች፣ «ስህተት አትሥሩ ብለው ይጽፉላቸውና ያበቃል። ማንም ግን አልተሳሳተም። እኔ በርዶኝ ጻፍኩ፣ እሱ አዝኖልኝ አሞቀ። ያን ካላወቁ እነሱም ይደግሙታል። ከነስሜ ይሂድ።»

ዳይሬክተሩ ያን ዕለት አልፈረመም። በማግስቱ፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ቃለ ጉባኤውንም ደብዳቤዋንም አባሪ አድርጎ ፈርሞ ላከው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ቧንቧ በልመና ለሦስት ቀን ተመለሰ። እጀታዋን ያዞራት እሱ ራሱ ነው። አሮጌው ማሞቂያ ጸጥ ሲል፣ እትዬ መዝገብ ጆሮዋ የተደፈነ መስሏት ነበር። ለመዝገብ ቤቱ እርጥበት የምትመጥ አንድ ሻንጣ የምታህል መሣሪያ ተገዛች። የቀረውን ጊዜ ሽማግሌው እያወራ፣ እሷ እየጻፈች፣ አዲሱ ኤሌክትሪሺያን እየጠየቀ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረውን አንድ በአንድ ተረከቡት፤ የትኛው ቧንቧ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ፎቅ በየትኛው ወር እንደሚያማርር፣ ማን ሲያማርር እውነቱን እንደሆነ ማን ደግሞ አመሉ እንደሆነ።

መልሱ የመጣው ከወር በኋላ ነው። እትዬ መዝገብ ተግሣጽ ጠብቃ ነበር፤ ባሏ ደግሞ ሽልማት። ሁለቱም አልነበረም። «ለሰባቱ ሕንፃዎች የሚያገለግል የክትትል ቅጽ ተዘጋጅቶ ይላክልን» ይላል፣ በቃ። ተቆጡም አልተቆጡም፣ ፊታቸውን ከፊደሉ ማንበብ አልተቻለም። ቅጹን ግን አዘጋጀች። ዘንድሮ ስንት ሰው በሕንፃው ውስጥ ነበር? የትኛው ፎቅ ባዶ ነበር? ምን ተነካ፣ ማን ነካው፣ ለማን ብሎ፣ እስከ መቼ? የነካው ሰው ሲሄድ ለማን ነገረ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትጽፍ፣ ሳታስበው እንደዚያች የደብዳቤዋ «አስቸኳይ» ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።

ቆጣሪው በሦስት ወር ውስጥ ወረደ። ሲሶ አልሆነም፤ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። ሰሌዳው ወርዶ «አንድ አምስተኛ» ተብሎ ይጻፍ አይጻፍ በስብሰባ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለቴም ሳይወሰን አደረ። የአራተኛ ፎቅ የግራ ክንፍ ሹራቡን አወለቀ። የቀኙ ክንፍ ግን፣ ያ ሲያራግብ የኖረው፣ አሁን በረደኝ እያለ ማመልከቻ ያስገባል። እትዬ መዝገብ ማመልከቻውን ባነበበች ቁጥር ትስቃለች፤ ከዚያ ሳቋ ይቆምና እውነትም ሄዳ ታያቸዋለች።

በአራተኛው ወር ማብቂያ ላይ ቁጥሩን ስትመዘግብ ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘችው። ደግማ አነበበች፤ ያው ነው። አሮጌው ማሞቂያ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ወርዳ እጇን አሳርፋበታለች። ባዶ የነበረ ክፍል ሞልቶ እንደሆነ ጠየቀች፤ የለም። ኤሌክትሪሺያኑም የተበላሸ ነገር አላገኘም። ምን እንደሆነ ፈጽሞ አልገባትም። ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና አንደኛ ፎቅ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች።

«እንደምን አደራችሁ» አለች። «በዚህ ወር እዚህ ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?»